ከጉድጓዱ እስከ ሽቦው፦ የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሲከፈል መሀል ላይ የቀረው ሥራ

በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 691 የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴርን ለሁለት ከፈለው። ማዕድኑ ብቻውን የማዕድን ሚኒስቴር ሆነ። ኢነርጂው ከውሃ ሀብት ሚኒስቴር ጋር ተዋህዶ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተባለ። እስከዚያ ድረስ የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ዓለማየሁ ተገኑ ከኢነርጂው ጋር ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ተሻገሩ፤ የማዕድኑን ወንበር ወይዘሮ ስንቅነሽ እጅጉ ተረከቡ። በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ችግሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። አሉቶ ተራራ ሥር ያለው እንፋሎት፣ በኦጋዴን ካሉብ ላይ የታመቀው ጋዝ፣ በስምጥ ሸለቆ አለት ውስጥ የሚሄደው ውሃ በአንድ ጊዜ ማዕድንም ኢነርጂም ናቸው። አዋጁ መሥሪያ ቤቶቹን ሲለይ እነሱ አልተለያዩም።

ያ ሚኒስቴር ከፈረሰ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጉዳዩን ዛሬ ማንሳት ያስፈለገው ለትዝታ አይደለም። የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው አዋጅ በአገራችን ብዙውን ጊዜ ከምርጫ በኋላ አዲስ መንግሥት ሲመሠረት ይለወጣል። አዋጅ 471/1998፣ 691/2003፣ 916/2008 እና 1263/2014 የወጡት በዚሁ ልማድ ነው። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን 5 ዓመት ስለሆነ ዑደቱ እንዲሁ ከቀጠለ ቀጣዩ ተራ 2019 መግቢያ ላይ ይወድቃል። ያኔ እንደገና የሚከፈል ወይም የሚጣመር መሥሪያ ቤት ካለ፣ ካለፈው ክፍፍል መሀል ላይ ምን እንደቀረ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

መጀመሪያ የስሞቹን ጉዞ እንከተል፤ ራሱ ብዙ ይናገራል። በ1994 የወጣው አዋጅ 256 ኤሌክትሪክን ለመሠረተ ልማት ሚኒስቴር ሰጥቶ ማዕድንን ለብቻው አቆመ። በ1998 ሁለቱ ተመልሰው ተገናኙ፤ የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የሚለው ስም ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ያኔ ነው። በ2003 ዳግም ተለያዩ። በ2005 የውሃው ቤት «ውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ»፣ በ2008 «ውሃ፣ መስኖና ኤሌክትሪክ»፣ በ2011 እንደገና «ውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ»፣ በ2014 ደግሞ «ውሃና ኢነርጂ» ተባለ። የማዕድኑም ቤት በ2008 «ማዕድን፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ»፣ በ2011 «ማዕድንና ነዳጅ»፣ በ2014 «ማዕድን» ሆነ። በ2014 የተሰጡት ሁለቱ ስሞች በ2003 ከተሰጡት ጋር በትክክል አንድ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ተዙሮ የተደረሰው የተነሱበት ቦታ ነው። በመሀል ማኅተም፣ የደብዳቤ ራስጌ፣ የበጀት ኮድ፣ የሠራተኛ ምደባ አራት ጊዜ ተለውጧል።

በተለይ የ2008ቱ «ኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል። ኢነርጂ ማለት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። በአገሪቱ ከሚቃጠለው ኢነርጂ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ትንሹ ክፍል ነው።

ኢነርጂ ከማዕድን ተላቆ ወደ ውሃ የሄደው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ተከዜ 300 ሜጋ ዋት፣ ግልገል ጊቤ ሁለት 420፣ በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዘው በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ተከታትለው የገቡት በዚያው ሰሞን ነው። 1,870 ሜጋ ዋት የታቀደለት ጊቤ ሦስት ግንባታ ላይ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ደግሞ የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ከሆነ፣ ከግድቡ በር መቼ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚለቀቅ የሚወስነውና የተፋሰሱን ውሃ የሚያስተዳድረው አካል በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆኑ ያስኬዳል። ለወንዝ ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። ስህተቱ ወንዝን መለኪያ አድርጎ ሌላውን ሁሉ በእሱ ልክ መቁረጡ ላይ ነው። እንፋሎት፣ ጋዝ፣ ማገዶና ነዳጅ ወንዝ አይደሉም፤ የሚጀምሩት ከጂኦሎጂ፣ ከደን ወይም ከወደብ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ስፌቱ የት እንደተተረተረ በደንብ የሚያሳየው እንፋሎቱ፣ ማለትም ከከርሰ ምድር ሙቀት የሚገኘው ኃይል፣ ጂኦተርማሉ ነው።

አንድ የጂኦተርማል ፕሮጀክት በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ የገጽ ጥናት አለ፦ የአለቱ ካርታ ይነሳል፤ የፍል ውሃውና የጋዙ ናሙና ይመረመራል፤ የከርሰ ምድሩ የኤሌክትሪክ መተላለፍ ይለካል። ቀጥሎ የፍተሻ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ጥልቀቱ 2,000 ሜትር አልፎ 3,000 ሊደርስ ይችላል። ቧንቧው በደረጃ እየጠበበ ይወርዳል፦ ከላይ 20 ኢንች፣ ቀጥሎ 13 ከ3/8፣ ቀጥሎ 9 ከ5/8፣ ታች ሙቀቱ ያለበት ክፍል ላይ 7 ኢንች የተበሳሳ ቧንቧ። ከላይ ያሉት ሦስቱ ዙሪያቸውን በሲሚንቶ ይታሰራሉ። ብዙ ጉድጓድ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አለቱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ሲሚንቶው ወደ ስንጥቁ ይጠፋል፤ በቧንቧውና በአለቱ መሀል ክፍተት ይቀራል፤ ሙቀቱ ሲወጣ ቧንቧው ይለጠጥና ይጎብጣል። ጉድጓዱ ካለቀ በኋላ ለሳምንታት እስኪሞቅ ይጠበቃል። ከዚያ ተከፍቶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይፈተሻል፤ በሰዓት ስንት ቶን እንፋሎትና ውሃ እንደሚሰጥ፣ በምን ግፊት፣ ግፊቱስ ይወርድ እንደሆነ ይመዘገባል። አስተማማኝ የኃይል ሽያጭ ውል ለመዋዋል የሚቻለው ይህ ቁጥር በእጅ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ማመንጫው ይሠራል፤ የቀረው ጨዋማ ውሃም በሌላ ጉድጓድ ወደ መሬት ይመለሳል።

አሉቶ ላንጋኖ ላይ ይህ መንገድ እንዲህ ሆነ። ፍለጋው ከ1960ዎቹ መግቢያ ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ተካሄደ። ከ1974 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የጥልቁ ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ተገኘ፤ ከስምንቱ አራቱ ለምርት የሚሆኑ ወጡ። ለመጀመሪያ ቁፋሮ ይህ መልካም ውጤት ነው፤ ገና ባልታወቀ ሜዳ ላይ ግማሹ መክሸፉ በዓለም ላይ የተለመደ ነው። የሙከራ ማመንጫው ግን የተተከለው ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መግቢያ ነው፤ አቅሙም 7.3 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ተተክሎም ብዙ አልቆየ። የሙቀት መለዋወጫው ውስጥ ያለው ፔንቴን የተባለ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ያፈስ ጀመር፤ የማቀዝቀዣው ክፍል ተበላሸ፤ የጉድጓዶቹም ምርት እንደታሰበው አልዘለቀም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆመ፤ በ1999 አካባቢ በከፊል ተጠግኖ ነበር።

እዚህ ላይ የድሮውን ሚኒስቴር የሚናፍቁ ሰዎች ሊያዩት የሚገባ ነገር አለ። ጉድጓዱን የቆፈረው የጂኦሎጂ ክንፍ ነበር፤ ማመንጫውን የተረከበው የመብራት ኃይል ነበር፤ ሁለቱንም ኢነርጂና ማዕድን አንድ ላይ የያዘ ሚኒስቴር እያለ ነው 12 ዓመት የጠፋው። በአንድ ሚኒስትር ሥር መሆን ብቻውን ጉድጓዱን ከሽቦው ጋር አላገናኘም።

ግልገል ጊቤ ሁለትም ያው ነው። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መሿለኪያ ሲቆፈር፣ በ1999 ማሽኑ የተሰበረ የአለት ቀጠና ውስጥ ገባ፤ በከፍተኛ ግፊት የመጣ ጭቃ ግዙፉን ማሽን ወደ ኋላ ገፋው፤ መስመሩን ማዞር ግድ ሆነ፤ ጊዜም ተበላ። በጥር 2002 ከተመረቀ በኋላ በቀናት ውስጥ የመሿለኪያው አንድ ክፍል ተደረመሰ፤ ማመንጫው ለወራት ቆመ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአገሪቱን የጂኦሎጂ ካርታ የሚያነሳው ተቋምና የኃይል ኮርፖሬሽኑ ለአንድ ሚኒስቴር ተጠሪ ነበሩ። ጂኦሎጂስቱ ከመሐንዲሱ ጋር በአንድ ፎቅ መቀመጡ፣ የመሿለኪያው መስመር ከመወሰኑ በፊት በቂ የፍተሻ ጉድጓድ ይቆፈራል ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ቢኖር ይሻል ነበር? ጎረቤት ኬንያን ማየት ይበቃል። አሉቶ ላይ ቁፋሮው በተካሄደባቸው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985፣ ኬንያ ኦልካሪያ ላይ በየተራ ሦስት ባለ 15 ሜጋ ዋት ተርባይኖችን አስገባች። ጉድጓዱም ተርባይኑም የአንድ የኃይል ኩባንያ ነበሩ። ቆፋሪው ያገኘውን እንፋሎት የሚረከብ ሌላ መሥሪያ ቤት አልጠበቀም፤ ጉድጓድ ቢደክም ተተኪውን የሚቆፍረው ራሱ ነበር። ዛሬ ኬንያ ከጂኦተርማል የምታመነጨው ከ900 ሜጋ ዋት በላይ ነው። የሚኒስቴሮቿ ስም በእነዚያ ዓመታት እንደኛው ተለዋውጧል፤ የጉድጓዱና የተርባይኑ ባለቤትነት ግን ለረጅም ጊዜ አልተቆረጠም። የኬንያው ኩባንያ ኬንጄን በኋላ መቆፈሪያውንና ባለሙያዎቹን ይዞ ቱሉ ሞዬ በተባለው ሌላ የእንፋሎት ሜዳና አሉቶ ላይ ለመቆፈር ውል ወስዷል። እኩል የጀመርነውን ሥራ ከእነሱ የምንገዛበት ደረጃ ላይ ያደረሰን የእንፋሎት እጥረት አይደለም።

ከ2003 በኋላ የጂኦተርማል ሕጋዊ ቦታም ተንከራቷል። በ2002 የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ 678 ጂኦተርማልን ከማዕድን ጋር ይቆጥረው ነበር፤ ስለዚህ ሚኒስቴሩ ሲከፈል የእንፋሎቱ ፈቃድ በማዕድን በኩል፣ የኤሌክትሪኩ ፈቃድ በኢነርጂ በኩል ቀረ። ይህን ለማስተካከል የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ 981/2008 ወጣ፤ ሀብቱን በደረጃ አንድና በደረጃ ሁለት ከፍሎ ለኃይል ማመንጫ የሚበቃውን ፈቃድ ለኢነርጂ ባለሥልጣን ሰጠ። ይህ በእውነት ጥሩ እርምጃ ነበር። ፈቃዱ ተሻገረ። የአርባ ዓመቱ የገጽ ጥናት፣ የድሮዎቹ ጉድጓዶች መዝገብና የአለት ናሙናው ግን በማዕድን ሚኒስቴር ሥር ባለው በጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ በዛሬው ስሙ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፣ እጅ ነው።

ዛሬ እንፋሎት ማልማት የሚፈልግ ድርጅት የሚያንኳኳቸውን በሮች እንቁጠር። ፈቃድ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፤ የቀድሞ መረጃ ከጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፤ ለቁፋሮ የሚውለው ውሃ ከውሃው ዘርፍ፤ መሬት ከክልሉ፣ ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው ይላል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይሁንታ ከአካባቢ ጥበቃው፤ የኃይል ሽያጭ ውል ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፤ የመንግሥትና የግል አጋርነቱ ጉዳይ ከገንዘብ ሚኒስቴር፤ የውጭ ምንዛሪው ከብሔራዊ ባንክ። እያንዳንዱ በር ተገቢ ነው፤ አንዱንም መዝጋት አይቻልም። ጥያቄው አንዱ በር ላይ የተሰጠው ወረቀት ሌላኛው በር ላይ እንደገና ይጠየቃል ወይስ ፋይሉ አብሮ ይሄዳል የሚለው ነው። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በሚሊዮኖች ዶላር በሚቆጠር ወጪ ይቆፈራል። ማሽኑ ሜዳ ላይ ቆሞ ወረቀት ሲጠበቅ ኪራዩ በቀን ይቆጠራል።

ስለ ጋዙ ባጭሩ። ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ቴኔኮ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቁፋሮ ነው። ቀጥሎ የሶቪየት ባለሙያዎች ቆፈሩ፤ የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ ወጣ፤ የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል በ2006 ተፈራርሞ ውሉ በ2015 መግቢያ ተቋረጠ። በመስከረም 2018 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ በሙቀት ይዘቱ ከ0.6 ሊትር ናፍጣ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ይህ ከ65 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ ገደማ ጋር ይተካከላል። መነሻ ይሆናል እንጂ የአገሪቱን ነዳጅ አይተካም።

የጋዙ መንገድ የቀድሞውን ሚኒስቴር ወሰን ከጫፍ ጫፍ ያቋርጣል። የፍለጋና የልማት ስምምነቱ የማዕድን ሚኒስቴር ነው። ጋዙ ወደ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ፣ መጠኑ ወደ 600 እጥፍ አንሶ በታንከር ሲጫን የነዳጅ ሥርጭትና የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። ከባድ መኪና ሲሞላበት የትራንስፖርት ነው። ኤሌክትሪክ ሲመነጭበት ደግሞ የኃይል ተቋሙ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 የተላለፈው ውሳኔም የመጣው ከትራንስፖርት ዘርፍ ነው፤ ውጤቱ ግን በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ያርፋል። ከእነዚህ የሚበልጥ የኢነርጂ ውሳኔ በቅርብ ዓመታት አልተላለፈም፤ ከኢነርጂው ቤት ግን አልወጣም። በዚህ ረገድ የ2014ቱ አዋጅ የነዳጅና የኤሌክትሪክ ቁጥጥርን በአንድ ባለሥልጣን ማሰባሰቡ ከተሠሩት ሁሉ የተሻለው ይመስለናል። ሚኒስቴሮቹ የተለያዩበትን ቦታ ተቆጣጣሪው በከፊል ሰፍቶታል።

የቀረው ስፌት ቁጥር ላይ ነው። የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የአገሪቱን የኢነርጂ ሚዛን፣ ማለትም ምን ያህል ገብቶ ምን ያህል እንደተፈጀ የሚያሳየውን ሂሳብ፣ ሲያዘጋጅ ነዳጁ በቶን ወይም በሜትር ኩብ፣ ኤሌክትሪኩ በጊጋ ዋት ሰዓት፣ እንጨቱ በኩንታል ወይም በሜትር ኩብ ከተለያየ ቤት ይመጣል። አንዱ ዘገባ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ የውጭ ኩባንያው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። የስድስት ወር መንሸራተት ያለባቸው ሁለት አኃዞች ሲደመሩ፣ በተለይ ፍጆታው በፍጥነት በሚያድግበት ዓመት፣ ውጤቱ ያልነበረ እድገት ወይም ያልነበረ ማሽቆልቆል ያሳያል።

ማገዶው ደግሞ አስታዋሽ የለውም። እንጨቱን የሚያበቅለው የደን ልማቱ ነው፤ ምድጃውን የሚያስፋፋው የኢነርጂው ዘርፍ ነው፤ እናት ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ስትሻገር 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ የሚስበው ጭነት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ምርጥ ምጣድ በቀድሞው የገጠር ኢነርጂ ማዕከል የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ የሚቀረጽ፣ ስድስት ክፍል ያለው ምድጃ ነው፦ አራቱ ምጣዱን ይከባሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ድስት ይሸከማሉ። ከሦስት ጉልቻ አንጻር ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል። የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሲጎድል ነው፤ ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ሳምንት ያህል ውሃ እየተርከፈከፈ ካልከረመ ሲሚንቶው አይጠነክርም። ይህን የሚቆጣጠር ባለሙያ በወረዳው የማን ሠራተኛ እንደሆነ የሚወስነው እንግዲህ ከላይ ያየነው የስም ለውጥ ነው። በየክልሉ ደግሞ ኢነርጂ አንዳንዱ ጋ ከማዕድን፣ አንዳንዱ ጋ ከውሃ ቢሮ ጋር ነው፤ ፌዴራሉ ሲለወጥ ክልሉ ሁልጊዜ አብሮ አይለወጥም።

አሁን ወደ ተግባሩ። ስሙ የጠፋ መሥሪያ ቤት የሰጠው ፈቃድ ወይም ውል በእጁ ያለ ሰው፣ ወይም በድሮ አዋጅ ላይ «የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር» የሚል ያነበበ ሰው፣ ዛሬ ማንን ይጠይቅ? በ1978 የወጣውን የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ 295 እንደ ምሳሌ ውሰዱ። መጀመሪያ የሚከፈተው የመጨረሻው የሥልጣንና ተግባር አዋጅ፣ ማለትም 1263/2014 ነው። እዚያ ውስጥ የሚፈለገው የሚኒስቴሩ ስም ሳይሆን ሥራው ነው፤ «ነዳጅ ፍለጋ» የሚለው በየትኛው ሚኒስቴር ዝርዝር ውስጥ እንደገባ ይታያል። ቀጥሎ ወደ አዋጁ መጨረሻ ተሂዶ መብትና ግዴታ ስለማስተላለፍ የሚለው አንቀጽ ይነበባል፤ የፈረሰው መሥሪያ ቤት ውል፣ ዕዳና ክርክር ለማን እንዳለፈ የሚናገረው እሱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ አይበቃም። ከአዋጁ ሌላ የዘርፍ ሕግ ካለ፣ ለምሳሌ ለጂኦተርማል 981/2008፣ ለኤሌክትሪክ የኢነርጂ አዋጅ 810/2006፣ ሥልጣኑን ከሚኒስቴር ወደ ባለሥልጣን አውርዶት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ የተቋሙ ማቋቋሚያ ደንብ ይታያል፤ የመብራት ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ሲከፈል ማን ማመንጫውንና ከፍተኛ መስመሩን፣ ማን ሥርጭቱንና ሽያጩን እንደወሰደ የሚገኘው በደንብ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስህተት ይመጣል፤ ደንቡን መጀመሪያ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በአዋጅ የተሻረ ሥልጣን ይዞ ይከራከራል።

ለመሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ርክክቡ ነው። የመዋቅር ለውጡ ብዙ ጊዜ ከመስከረም በኋላ ስለሚመጣ፣ በጀቱ በድሮው ስም ጸድቆ ሐምሌ ላይ ከጀመረ አንድ ሩብ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ከሰው በፊት ገንዘቡ ይንገዳገዳል። በርክክብ ሰነድ ላይ ወንበርና መኪና በዝርዝር ይጻፋል፤ ፈቃድና መረጃ ግን «ፋይል፣ በካቢኔት» ተብሎ ያልፋል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በዚህች አንዲት መስመር ነው።

ለምሳሌ የፈቃድ ወሰን። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች የተነሱት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መሠረት ነው፤ የዛሬው ጂፒኤስ የሚሠራው በሌላ፣ በዓለም አቀፉ የ1984 መሠረት ነው። ያው አንድ ነጥብ በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ይለያያል። ርክክቡ ላይ የማዕዘኖቹ ቁጥር ብቻ ተጽፎ መሠረቱ ካልተጻፈ፣ አዲሱ ባለሙያ ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ ወሰኑ በሙሉ ወደ ጎረቤት ባለፈቃድ መሬት ይንሸራተታል። የጉድጓድ ጥልቀትም እንዲሁ ነው፤ የሚለካው ብዙ ጊዜ ከመሬት ወለል ሳይሆን ከመቆፈሪያው መድረክ ነው፤ ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ቢሆንም ቀጭን የእንፋሎት ንብርብር ለማለፍ ይበቃል። በማግኔት ቴፕ ላይ ያለ የድሮ የመሬት ንዝረት መረጃ ከሆነ፣ ቴፑ ራሱ በጊዜ ይበሰብሳል፤ ማንበቢያ ማሽኑም ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ርክክቡ ቴፑን መቁጠር ሳይሆን ይዘቱ ወደ አዲስ ማከማቻ መገልበጡንና መነበቡን ማረጋገጥ አለበት።

የከርሰ ምድር ውሃም እዚሁ ውስጥ ይገባል። በ1 ለ250,000 መጠን የተዘጋጁት የጂኦሎጂና የሃይድሮጂኦሎጂ ካርታዎች የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሥራ ናቸው፤ ውሃውን የሚያስተዳድረው ሕግ ደግሞ፣ አዋጅ 197/1992፣ ለውሃው ሚኒስቴር የተሰጠ ነው። አንድ ወረዳ ደረቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ከመክሰሩ በፊት ሁለቱ ቤቶች ያላቸው መዝገብ አንድ ላይ መነበብ አለበት። ለዚህ አዲስ ሚኒስቴር ማቋቋም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ማንኛውም ቆፋሪ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የጉድጓዱን መዝገብ በተወሰነ ቀን ውስጥ ለአንድ ቋሚ ማኅደር እንዲያስገባ የሚያስገድድና ክፍያውን ከዚያ ጋር የሚያስር ግዴታ ነው። ማኅደሩም ሚኒስቴር በተለወጠ ቁጥር ተጠሪነቱ ቢለወጥ እንኳ አድራሻው መለወጥ የለበትም።

የማዕድን ሚኒስቴሩ ቀልብ አሁን ወርቅ ላይ መሆኑ ይገባናል፤ በ2017 በጀት ዓመት የወርቅ ገቢ ከቡና በልጧል። የውሃና ኢነርጂውም ቀልብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ በጳጉሜ 2017 የተመረቀው ህዳሴ ላይ ነው። በመሀል ያሉት የድሮ ጉድጓዶች ግን ዛሬም በአሉቶና በአፋሩ ተንዳሆ ራሳቸው ላይ ቫልቭ ተጭኖባቸው ቆመዋል። ከእንፋሎት ጋር የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ብረት ይበላል፤ ቫልቭ በየጊዜው በግራሶ ካልተሞላና ካልተፈተሸ ወይ አይከፈትም ወይ አይዘጋም፤ የማይዘጋ ቫልቭ ያለበትን ጉድጓድ መልሶ ለመቆጣጠር ቀዝቃዛ ውሃ በፓምፕ ማስገባት ይጠይቃል፤ ያም ጥንቃቄ ካልታከለበት የታችኛውን ቧንቧ ይሰነጥቃል። ቀጣዩ የሥልጣንና ተግባር አዋጅ ሲረቀቅ የእነዚህ ጉድጓዶች ስም ከነመጋጠሚያ ቁጥራቸውና ከነመለኪያ መሠረቱ በርክክቡ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ መዝገቡ የት እንደሚገኝ፣ ቫልቩን የሚፈትሸው ቡድን ወጪም ከየትኛው የበጀት ኮድ እንደሚከፈል ከጎኑ ይጻፍ።